ከወታደሩ ጓዝ ውስጥ

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወስደው አስፋልት ወረታ ሲደርስ ወደ ምሥራቅ አንድ ቅርንጫፍ ያወጣል። የአካባቢው ሰው «የቻይና መንገድ» ይለዋል፤ በደርግ ዘመን ቻይናውያን የሠሩት ነውና። መንገዱ የፎገራን ሜዳና የሩዝ ማሳውን ወደ ኋላ ትቶ ደብረ ታቦር ይወጣል፤ ከዚያ በጋይንትና በጨጨሆ አድርጎ የወሎን ደጋ ይይዛል። ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ እያስጎተቱ ወደ መቅደላ ያቀኑት በዚሁ አቅጣጫ ነበር። ከሜዳው በስተ ደቡብ ደግሞ፣ ጉማራን ተሻግሮ በጣና ዳር፣ ቆራጣ አለች። የመቅደላው ጦርነት ከመድረሱ ሁለት ዓመት ቀድሞ የእንግሊዝ መልእክተኞች የከረሙባት የንግድ ከተማ ነበረች። የምተርከው ታሪክ በዚህ አገር ይጀምራል፤ የሚሄደው ግን ወደ እንግሊዝ ቁም ሣጥኖችና መሳቢያዎች ነው።

እንግሊዞች በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ስላካሄዱት ዝርፊያ ሲነገር ቀድሞ የሚነሣው ዘውዱ፣ የወርቅ ጽዋውና የብራና መጻሕፍቱ ናቸው። እነዚያ ቤተ መዘክርና ቤተ መጻሕፍት ገብተው ቁጥር ተሰጥቷቸዋል፤ ያሉበት ይታወቃል፤ ቢያንስ ስማቸው ተጠርቶ ይጠየቃሉ። እኔን ይበልጥ የሚያንገበግበኝ በመዝገብ ያልሰፈረው ነው። ወታደርና መኮንን በጓዛቸው መካከል ሸጉጠው የወሰዱት፣ ለሚስት ያሳዩት፣ ለልጅ ያወረሱት፣ የልጅ ልጅ ደግሞ ምንነቱ ጠፍቶበት በሣጥን ያኖረው። ሥዕል፣ ታቦት፣ የቀንድ ዋንጫ፣ የሰው ጸጉር።

ከእነዚህ ሁሉ ረጅም ታሪክ ያለው ኩርዓተ ርእሱ ነው። የእሾህ አክሊል የደፋውን ክርስቶስን የሚያሳይ፣ የአውሮፓ ሠዓሊ ሥራ እንደሆነ የሚታመን አነስተኛ ሥዕል ነው። የጎንደር ነገሥታት ሲዘምቱ አብሯቸው ይዘምት፣ የመሐላም ምስክር ይሆን ነበር። በ1736 ዓ.ም. ዳግማዊ ኢያሱ ስናር ዘምተው ሠራዊታቸው ሲፈታ ሥዕሉም ተማረከ፤ በ8000 ወቄት ወርቅ ተዋጅቶ እንደተመለሰ ይነገራል። ንጉሥ ለአንድ ሥዕል ይህን ያህል ወርቅ ከከፈለ፣ ሥዕሉ ለአገሩ ምን እንደነበረ ከዚህ በላይ መመስከር አያስፈልግም። ዘመናት አልፈው ከዐፄ ቴዎድሮስ እጅ ገባ፤ እሳቸውም ከመኝታቸው ራስጌ ሰቀሉት።

ጠቡ የመጣው በደብዳቤ ምክንያት ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1855 ዓ.ም. ለንግሥት ቪክቶሪያ ጻፉ፤ ወዳጅነትና የእጅ ሥራ የሚያውቁ ባለሙያዎች ፈለጉ። መልስ ቀረባቸው። ንጉሡ ይህን እንደ ንቀት ቆጥረው የእንግሊዝን ቆንስል ካሜሮንን ከሌሎች አውሮፓውያን ጋር አሰሩ። በመጨረሻ እንግሊዝ ሆርሙዝ ራሳም የተባለ መልእክተኛ ላከች። ራሳም በ1858 ዓ.ም. በጋ ከንጉሡ ጋር ተገናኘ፤ በክብር ተቀበሉትና እስረኞቹ ከመቅደላ እስኪመጡ ቆራጣ እንዲቆይ አደረጉ። ንጉሡ ከሐይቁ ማዶ ዘጌ ሰፍረው ነበር። መልእክትና ስጦታ በታንኳ ተመላለሰ፤ እስረኞቹም በመጋቢት ቆራጣ ደረሱ። ነገሩ ሁሉ በሰላም ያለቀ መሰለ። ሚያዝያ ላይ ግን የንጉሡ ሐሳብ ተለወጠ፤ ሊሄዱ የተሰናዱት እንግዶች ተያዙ። ክረምቱ ሲገባ በሐይቁ ዳር በሰፈረው ሠራዊት ውስጥ ኮሌራ ገባ፤ ንጉሡም ሰፈራቸውን ነቅለው ሕዝቡንና እስረኞቹን ይዘው ወደ ጋፋትና ደብረ ታቦር ደጋ ወጡ። አውሮፓውያኑ ከዚያ መቅደላ ተወስደው ታሰሩ።

በጋፋት የነበሩት የእጅ ባለሙያዎች በ1859 ዓ.ም. ሰባት ቶን ያህል የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን አፈሰሱ። በዚያ ዓመት የበጌምድር ገበሬ ከንጉሡ ጋር ተቆራርጦ ነበር። የቴዎድሮስን ጀግንነት የሚወድ ሰው፣ እኔም ጭምር፣ ይህን መዝለል የለበትም፦ ንጉሡ ጎንደርን በኅዳር 1859 ዘርፈው አቃጠሉ፤ አብያተ ክርስቲያናቱም አልቀሩም። በኋላ እንግሊዞች ከመቅደላ የጫኑት የብራና መጽሐፍና ንዋየ ቅድሳት ብዙው ከዚህ ዘረፋ ተሰብስቦ ለመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን የታሰበ ነበር። ይህ ግን ከእንግሊዝ ጦር ላይ ዕዳውን አያነሣም።

በጥቅምት 1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ተነሡ። መንገድ እየቆፈሩ፣ ድንጋይ እየፈነቀሉ፣ መድፉን በሰው ጉልበት እያስጎተቱ፣ የዠጣንና የበሽሎን ገደል ወርደው ወጥተው መቅደላ የደረሱት በመጋቢት ነው። ከደብረ ታቦር እስከ መቅደላ አምስት ወር የፈጀ ጉዞ ነበር። በዚያው ወቅት የእንግሊዝ ጦር አዛዥ ጄኔራል ናፒየር ከዙላ የባሕር ዳርቻ ተነሥቶ በ13,000 ያህል ወታደርና በዝሆን በተጫነ መድፍ ወደ ደቡብ ይገሰግስ ነበር።

ሚያዝያ 3 ቀን፣ በስቅለት ዓርብ፣ እሮጌ ሜዳ ላይ ሁለቱ ጦር ተጋጠመ። የንጉሡ ሰዎች ከአዲሱ ፈጣን ጠመንጃ ፊት ረገፉ። ንጉሡ አውሮፓውያኑን ፈትተው ሰደዱ፤ ለፋሲካ ብለውም ከብትና በግ ላኩ። ስጦታው እንደ ዕርቅ አልተቆጠረላቸውም። ሰኞ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. እንግሊዞች የመቅደላን በር ሰብረው ሲገቡ፣ ቪክቶሪያ ራሷ በስጦታ በላከችላቸው ሽጉጥ ሕይወታቸውን አጠፉ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ከጦሩ ጋር የዘመቱ ጋዜጠኞችና መኮንኖች ራሳቸው ጽፈውታል። ወታደሮቹ ሬሳውን ከበቡ፤ ለማስታወሻ እያሉ ከልብሱ ቀደዱ። ሽጉጡ ተወሰደ። ከራሳቸው ጸጉር ተቆረጠ። አንድ መኮንን የሟቹን ፊት በቀለም ሣለ፤ ከጦሩ ጋር የነበረው ሪቻርድ ሆልምስም ንድፉን አወጣ። የቴዎድሮስን ሹሩባ በልጅነቱ በሥዕል ያላየ ኢትዮጵያዊ ጥቂት ነው። ያ ጸጉር በባዕድ መቀስ ተቆርጦ ባሕር መሻገሩን ማሰብ፣ ዘውዱ ከመወሰዱ ይልቅ ያማል። ዘውድ የመንግሥት ነው፤ ጸጉር የሰውዬው ገላ ነው።

መቅደላ ተቃጠለ። ዘረፋውን ለመጫን 15 ዝሆንና ወደ 200 የሚጠጋ በቅሎ እንዳስፈለገ ተጽፏል። በደላንታ ሜዳ ጨረታ ተደርጎ ገንዘቡ ለወታደሩ ተከፋፈለ። ጨረታው ሥርዓት ያለው ለማስመሰል ሁሉም የያዘውን እንዲያስረክብ ታዞ ነበር። ነገር ግን የብራና ቁልል አይደበቅም፤ የጸጉር ዘለላ ወይም በጨርቅ የተጠቀለለ ሥዕል ይደበቃል። ወደ አደባባይ የወጣው ትልቁ ነበር፤ ትንሹ በጓዝ ውስጥ ዙላ ወርዶ መርከብ ተሳፈረ።

ሆልምስ ወታደር አልነበረም፤ የብሪቲሽ ሙዚየም ሠራተኛ ሆኖ የዕቃ መራጭነት ሥራ ተሰጥቶት ከጦሩ ጋር የመጣ ነው። ዘውዱንና የወርቅ ጽዋውን ከአንድ ወታደር ላይ በአራት ፓውንድ ገዛ፤ ወደ 350 የሚደርሱ ብራናዎችም ለሙዚየሙ አገኘ። እነዚህን ሁሉ አስረክቧል። ኩርዓተ ርእሱን ግን ለራሱ አስቀረ። ከንጉሡ ራስጌ የወረደው ሥዕል ከሆልምስ የግል ዕቃ ጋር እንግሊዝ ገባ፤ ለብዙ ዓመታትም ማንም ስለ እሱ አልሰማም።

በዚያው ጉዞ አንድ ልጅም ተወሰደ። ዓለማየሁ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦር ላይ በሚያዝያ 1853 ዓ.ም. ተወለደ፤ መቅደላ ስትወድቅ ሰባት ዓመት እየሞላው ነበር። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ ውቤ ከጦሩ ጋር ወደ ሰሜን ሲጓዙ በግንቦት ታመው በመንገድ ላይ ሞቱ። ልጁ አባትም እናትም በአንድ ወር አጥቶ ከካፒቴን ትሪስትራም ስፒዲ እጅ ላይ ቀረ። ስፒዲ ቀደም ሲል ለንጉሡ ወታደር ያሠለጠነ፣ አማርኛ የሚናገር፣ በቁመቱ ሁሉን የሚበልጥ ሰው ነበር፤ ሠራዊቱ «ባሻ ፈለቀ» ይለው ነበር። ልጁ ከእሱ አልለይም አለ። ሐምሌ ላይ እንግሊዝ ደረሱ፤ ንግሥቲቱ በኋይት ደሴት ባለው ቤተ መንግሥቷ ተቀበለችው። ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን ያነሣችው ፎቶግራፍ እስከ ዛሬ አለ፦ የአገሩን ልብስ የለበሰ፣ ፊቱ ያዘነ ልጅ።

አሁን ወደ ሥዕሉ ልመለስ፤ ከዚህ ታሪክ ሁሉ ልቤን የሚያደማው ክፍል እዚህ ነው። ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በነገሡበት ዓመት፣ በነሐሴ 1864 ዓ.ም.፣ ለንግሥት ቪክቶሪያና ለውጭ ጉዳይ ሚኒስትሯ ደብዳቤ ጻፉ። ከመቅደላ ከተወሰደው ሁሉ ሁለት ነገር ብቻ መርጠው ጠየቁ፦ ክብረ ነገሥትንና ኩርዓተ ርእሱን። ብሪቲሽ ሙዚየም የክብረ ነገሥት ሁለት ቅጂ ነበረውና አንዱን ሰጠ። ይህ ከመቅደላ ከተዘረፈው መጀመሪያ ከተመለሱት አንዱ ነው። ስለ ሥዕሉ ግን ንግሥቲቱ ምንም ዱካ እንዳልተገኘ፣ ወደ እንግሊዝ መጥቷል ብላም እንደማታምን መለሰች።

ሆልምስ በዚያን ጊዜ የት ነበር? ከ1862 ዓ.ም. ጀምሮ በዊንድዘር ቤተ መንግሥት የንግሥቲቱ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ነበር። ሥዕሉ ከቤቱ ነበር። ቪክቶሪያ እያወቀች ዋሸች ብሎ ለመክሰስ የሚያበቃ ነገር አላውቅም፤ እሱ ግን ያውቅ ነበር። አንድ ቃል ቢናገር ሥዕሉ ዐድዋ፣ መቀሌ ወይም ደብረ ታቦር በደረሰ። አልተናገረም። የአገሪቱ ጠቅላይ ሚኒስትር ግላድስተን ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በፓርላማ ቆሞ ዘውዱና ጽዋው ከአገራቸው መወሰዳቸው እንደሚያሳዝነው ተናግሮ ነበር፤ እሱም ያለቀሰው ለሚያየው ዕቃ ነው።

ሆልምስ ሥዕሉን ለዓለም የገለጠው እ.ኤ.አ. በ1905 ነው፤ ያን ጊዜ በለንደን በሚታተም የሥነ ጥበብ መጽሔት ላይ ፎቶግራፉ ወጣ። ዐፄ ዮሐንስ ከሞቱ 16 ዓመት አልፎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1911 ሆልምስ ሞተ፤ በ1917 ሥዕሉ ለንደን ውስጥ በክሪስቲ ጨረታ ተሸጠ፤ በ1950 ደግሞ ተሽጦ ከአንድ ፖርቱጋላዊ የሥነ ጥበብ ታሪክ ሊቅ እጅ ገባ። እንግሊዝንም ለቅቆ ፖርቱጋል ገባ ማለት ነው።

ልጁ ዓለማየሁ ከዚህ ሁሉ በፊት አልፏል። ስፒዲ ወደ ሕንድ ይዞት ሄደ፤ በኋላ የእንግሊዝ መንግሥት ልጁ ትምህርት ቤት እንዲገባ ወስኖ ከስፒዲ ለየው። ቸልተናም፣ ራግቢ፣ ሳንድኸርስት፤ አንዱም አልተስማማውም። በመጨረሻ ሊድስ ላይ በሳንባ ሽፋን በሽታ ታመመ፤ የሚሰጡትን ምግብ መርዝ ነው ብሎ እንደፈራ ተጽፏል። በኅዳር 1872 ዓ.ም. በ18 ዓመቱ ሞተ። ንግሥቲቱ ዊንድዘር በቅዱስ ጊዮርጊስ ጸሎት ቤት እንዲቀበር አደረገች። ከአባቱ ራስጌ የተወሰደው ሥዕል ያለበት ቤትና የልጁ መቃብር በአንድ ከተማ ሆኑ።

ሃያኛው ክፍለ ዘመን ሲጋመስ ከወታደር ቤተሰቦች ዕቃ መውጣት ጀመረ። የቴዎድሮስን ሬሳ የሣለው መኮንን ዘመዶች ሁለት የጸጉር ዘለላ ይዘው ኖረው እ.ኤ.አ. በ1959 ለእንግሊዝ ብሔራዊ የጦር ሠራዊት ሙዚየም ሰጡ። እዚያም 60 ዓመት ተቀመጠ። በ1957 ዓ.ም. ንግሥት ኤልሣቤጥ ኢትዮጵያን ስትጎበኝ የቴዎድሮስን ቆብና ማኅተም ለዐፄ ኃይለ ሥላሴ አምጥታ ነበር። ጸጉሩ ግን ያን ጊዜ አልተመለሰም።

በ1994 ዓ.ም. የሆነው ደግሞ ራሱን የቻለ ነገር ነው። በኤድንብራ ከተማ በቅዱስ ዮሐንስ ቤተ ክርስቲያን ያገለግል የነበረ ጆን መክለኪ የተባለ ቄስ አንድ ቁም ሣጥን ሲያይ ከቆዳ ማኅደር ውስጥ የተቀረጸበት ጠፍጣፋ እንጨት አገኘ። ሌላ ሰው ቢሆን አቧራውን አራግፎ ይመልሰው ነበር። ይህ ቄስ ግን ኢትዮጵያን አይቷል፤ የያዘው ታቦት መሆኑን አወቀ። ዕቃው በመቅደላ ዘመቻ የነበረው ካፒቴን ዊልያም አርበትኖት አምጥቶ ለቤተ ክርስቲያኑ የሰጠው ነበር። ምእመን ዓይኑን የማይጥልበት፣ ተሸፍኖ በካህን ብቻ የሚከበረው ታቦት ከ130 ዓመት በላይ በስኮትላንድ ቁም ሣጥን ውስጥ ኖረ። ቤተ ክርስቲያኑ ሳያወላውል መለሰው። ታቦቱ አዲስ አበባ ሲገባ ሕዝቡ በእልልታና በዝማሬ ወጥቶ ተቀበለው። መክለኪን እኔ ከልብ አመሰግናለሁ፤ የጠየቀው መንግሥት ወይም ያስገደደው ሕግ አልነበረም፤ ያየውን ነገር ማወቁ በቃው።

የቴዎድሮስ ጸጉር በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ለንደን ላይ ለባህልና ቱሪዝም ሚኒስትሯ ለዶክተር ሂሩት ካሳው ተሰጠ። ሙዚየሙ ውሳኔውን ሲያስረዳ የሰው ገላ መሆኑን፣ በቋራ ከንጉሡ ዐፅም ጋር ይቀመጥ የሚለውን ጥያቄ ማክበሩን ገለጸ። ከጓዝ ከወጡት ነገሮች ብዙው እንዲህ በቀላሉ አይመጣም። በሰኔ 2013 ዓ.ም. ብሪድፖርት በተባለች የእንግሊዝ ከተማ የአርበትኖት ንብረት የነበሩ የብራና መጽሐፍ ቅዱስና የቀንድ ዋንጫዎች ለጨረታ ቀረቡ፤ ታቦቱን ያመጣው ያው መኮንን ነው። ኤምባሲያችን ደርሶ ሽያጩን አስቆመ። በኋላም ሸኸራዛድ ፋውንዴሽን የተባለ ድርጅት ከልዩ ልዩ እጅ ያሰባሰባቸው ዘውድ፣ ጋሻ፣ የቀንድ ዋንጫዎች፣ መስቀልና የጸሎት መጽሐፍ በለንደን ተረከብናቸው። ግን ልብ በሉ፦ ጨረታው ማስታወቂያ ባያወጣ፣ ወይም አንድ ሰው ማስታወቂያውን ባያይ፣ ዋንጫዎቹ ለማይታወቅ ገዢ ተሸጠው ሌላ ሣጥን ይገቡ ነበር።

ከዚያም በኋላ ከስፒዲ ወገን የወጣ አለ። ኢትዮጵያ የልዑል ዓለማየሁን ዐፅም በተለያየ ጊዜ ጠይቃለች፤ ፕሬዚዳንት ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ በ1999 ዓ.ም. ጽፈው ነበር። በግንቦት 2015 ዓ.ም. የባኪንግሃም ቤተ መንግሥት የሌሎች ሙታን ዕረፍት ሳይነካ ማውጣት አይቻልም ብሎ እንደገና ዘጋ። አራት ወር አልፎ በመስከረም 2016 ዓ.ም. ለንደን ውስጥ በተደረገ ርክክብ ላይ፣ ታቦትና ሌሎች ቅርሶች ከተሰጡት ጋር አንድ የጸጉር ዘለላ ነበረ። የዓለማየሁ ጸጉር ነው። ስፒዲ ለማስታወሻ አስቀምጦት ከትውልድ ትውልድ በቤተሰቡ ዕቃ ውስጥ ሲወርድ የኖረ፣ አንዲት የቤተሰቡ ተወላጅ ለአገሩ ይመለስ ብላ የሰጠችው። ቤተ መንግሥት ያልፈቀደውን አንዲት ሴት ከራሷ ቤት አወጣችው።

ኩርዓተ ርእሱ ግን ገና አልመጣም። ከፖርቱጋላዊው ሊቅ ቤተሰብ እጅ በባንክ ካዝና እንደሚኖር ሲነገር ቆይቷል። ዐፄ ዮሐንስ በስሙ ጠርተው ከጠየቁት ሁለት ነገር አንዱ ነው፤ ጥያቄያቸውም እስከ ዛሬ በሙሉ አልተመለሰም። የኢትዮጵያ መንግሥት ከእንግሊዝ ቤተ መዘክሮች ጋር በሚከራከርበት ብርታት ከፖርቱጋል መንግሥትና ከሥዕሉ ባለቤቶች ጋር በግልጽ መነጋገር አለበት። ለመቅደላ ዘማቾች ተወላጆችም በየአገራቸው ጋዜጣ «በአያቶቻችሁ ሣጥን ውስጥ ያለውን እዩልን» የሚል ጥሪ በስማችን መቅረብ ይገባዋል። ከ13,000 ሰው ጓዝ ውስጥ እስካሁን የተከፈተው ጥቂቱ ነው።